«ፊቱ ደስ ስላለን አመንነው» አትበሉኝ

ዛሬ ስለ ክትባት ወይም ስለ ጉንፋን አይደለም የምጽፍላችሁ። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልከራከር ነው የመጣሁት። የሚያከራክረን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦

«ሰውየው ፊቱ ደስ ስላለን አመንነው።»

ይህን የምሰማው እንጥሉ በምላጭ የተቆረጠ ሕጻን ደሙ አልቆም ብሎ ሲመጣ ነው። ሳል የያዘው ልጅ በየመንደሩ የሚዞር መርፌ ወጊ ስሙ የማይታወቅ መድኃኒት ሦስት ቀን ሲወጋው ከርሞ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ሲመጣም እሰማዋለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አንዲት ልጅ በቤተሰቡ ወዳጅ ተደፍራ ስትመጣ ነው። የእናቷ የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «እሱ እንዲህ ያደርጋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ፊቱን ቢያዩት እኮ፣ ዶክተር!»

የተገላቢጦሹንም እሰማለሁ። «ዓይኗን አልወደድኩትም።» «ገና ከሩቅ ሳየው ልቤን ቀፈፈው።» እንዲህ የተባለች ሴት፣ ምንም ሳታደርግ፣ የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር ስሟ ይነሳል።

አቋሜን ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ። የማናውቀውን ሰው ፊት አይተን ስለ ታማኝነቱ የምንሰጠው ፍርድ ልጅ የሚያሳልፍ፣ መድኃኒት የሚያስውጥ፣ ጎረቤት የሚያስገልል ማስረጃ አይደለም። ፍርዱ ፈጣን ነው። በልበ ሙሉነት የምንሰጠው ነው። ብዙዎቻችንም የምንስማማበት ነው። ትክክል መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሆነ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃኒን ዊሊስ እና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው የማያውቋቸውን ፊቶች ፎቶ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ አሳዩአቸው። ዓይን አንዴ ለመርገብገብ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ማለት ነው። «ይህ ሰው ይታመናል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ፣ ሌሎች ሰዎች ተረጋግተው፣ ያለ ጊዜ ገደብ አይተው ከሰጡት መልስ ጋር በጣም ተቀራራቢ ሆነ። ጊዜው ወደ ግማሽ ሰከንድ፣ ከዚያም ወደ አንድ ሰከንድ ሲረዝምላቸውም ፍርዳቸው ብዙም አልተለወጠም። የጨመረው በፍርዳቸው ላይ ያላቸው እርግጠኝነት ነው።

ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ። «ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አሁን እርግጠኛ ነኝ» ስትሉ አንጎላችሁ አዲስ ነገር አግኝቶ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቅጽበት የፈረደውን ፍርድ ነው ማኅተም እየመታበት ያለው።

ይህን ሥራ ከሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች አንዱ አሚግዳላ ይባላል። በግራና በቀኝ፣ ከጆሯችን አካባቢ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገኝ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ክፍል ነው። አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚጮህልን ደወል በሉት። ራልፍ አዶልፍስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህ ክፍል በሁለቱም ወገን የተጎዳባቸውን ሦስት ሰዎች አጥንተው ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ «ይሄስ ያስፈራል» የሚለውን ፊት እነሱ «ይታመናል፣ ቀርቤ አናግረዋለሁ» አሉ። ስለዚህ ደወሉ በእውነት አለ፤ ሲጠፋም ሰው ይጎዳል። ደወሉን የሚያስጮኸው ነገር ግን ሁልጊዜ አደጋ አይደለም። እናቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጡ እባብ አይደለም፤ እባብ ይመስላል እንጂ። ደወሉ ደግሞ የሚያውቀው መምሰልን ብቻ ነው።

ፊት ላይ የምናነበው ምን መሰላችሁ? የቶዶሮቭና የሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ እንደሚያሳየው፣ «አይታመንም» የምንለው ፊት በተፈጥሮው ትንሽ የተቆጣ የሚመስል ፊት ነው። ቅንድቡ ወደ ታች የወረደ፣ የከንፈሩ ጫፍ የተቆለመመ። «ይታመናል» የምንለው ደግሞ ዝም ብሎ እንኳ ፈገግ ያለ የሚመስል ነው። ሰውየው አልተቆጣም፣ አልሳቀምም። አጥንቱ እንዲያ ሆኖ ተሠራ፤ በቃ። እኛ ግን የአጥንቱን ቅርጽ ጠባይ አድርገን እናነበዋለን።

አሁን ወደ እኛ ደጋ ኑ። ከደላንታ እስከ ላስታ ያለውን ሰው ፊት አስቡት። ዕድሜውን ሙሉ በከፍታ ላይ ፀሐይ እየመታው፣ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ግንባሩን ቋጥሮ የኖረ ገበሬ አለ። በትራኮማ ምክንያት የዓይን ቆቧ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ፀጉሩ ብሌኗን እየፋቀው፣ ዓይኗ ቀልቶና አጨንቁራ የምታይ እናት አለች፤ የአማራ ክልል ደግሞ በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የፊት ነርቭ ሕመም ይዞት ግማሽ ፊቱ የወደቀ ሰው አለ። የፓርኪንሰን ሕመም ፊታቸውን እንደ ጭንብል ያደረቀባቸው አዛውንት አሉ። በድባቴ ውስጥ ያለች፣ ፈገግ ማለት የተሳናት አራስ አለች። እነዚህ ሁሉ «ፊቱ አያምርም»፣ «ዓይኗ ይከብዳል» የሚባልላቸው ናቸው። እኔ ስመረምራቸው የማገኘው ክፋት ሳይሆን ሕመም ነው፤ የብዙዎቹም ሕክምና አለው። የታጠፈው የዓይን ቆብ እንኳ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሴትየዋ ግን ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት መንደሩ ስም አውጥቶላት ጨርሷል።

ስሙን ታውቁታላችሁ። ቡዳ።

አዎ፣ በዚህ ላይ የምትቆጡኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አማራ ሕዝብ የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት ላይ፣ ስሙ በዋናነት የሚለጠፈው መሬት በሌላቸውና በእጃቸው ሙያ በሚኖሩ፣ ጠይብ በሚባሉ ሰዎች ላይ መሆኑን ጽፏል። ይህን ለማወቅ አንትሮፖሎጂስት አያስፈልገንም፤ እኛም እናውቀዋለን። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራችውን፣ ማረሻችንን የቀጠቀጠውን ሰው ነው ቡዳ የምንለው። አስቀድመን «እንዲህ ያሉት ሰዎች ዓይናቸው ይበላል» ተብለን እናድጋለን። ከዚያ ሴትየዋን ስናይ አሚግዳላችን ይጮሃል። ከዚያ «አየሽ፣ ልቤ ነገረኝ» እንላለን። ልባችሁ አልነገራችሁም። አያታችሁ የነገሯችሁን ነው የደገመላችሁ።

ጉዳቱ ለተጠርጣሪዋ ብቻ አይደለም። ልጁስ? ትኩሳት ይዞት፣ አንገቱ ደርቆ፣ እያንቀጠቀጠው ያለ ልጅ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ያ ሕመም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይድናል። ደጋግሞ የሚወድቅ ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለው። እናንተ ግን «ማን በላው?» እያላችሁ የመንደሩን ፊት ስታስታውሱ ሌሊቱ ይነጋል። ጸሎት አትጸልዩ፣ ጸበል አትጠጡ አላልኩም። ቄሱም ሼኹም ይጸልዩ። ልጁ ግን በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይሁን፤ የተጀመረለት መድኃኒትም አይቋረጥ።

«እሺ፣ ፊት አንዳንዴ ያሳስታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልክ ነኝ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቻርልስ ቦንድ እና ቤላ ዴፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዎች ውሸታምን ከእውነተኛ መለየት መቻላቸውን የፈተኑ ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ መረመሩ። ፈራጆቹ 24,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። ከ100 ጊዜ ውስጥ በአማካይ ልክ የሆኑት 54ቱን ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ብትሉ 50 ታገኛላችሁ። ዕድሜ ልካችሁን የምትመኩበት ዓይን ከሳንቲሙ የሚበልጠው በአራት ነው።

ታዲያ ለምን ልክ የሆንን ይመስለናል? ስህተታችንን የምናይበት መንገድ ስለሌለ ነው። ፊቱን ያልወደዳችሁትን ሰው ትሸሹታላችሁ። ስትሸሹት ደግነቱን የማየት ዕድል አታገኙም። ስታልፉ ፊት ትነሱታላችሁ፣ እሱም ይኮሳተርባችኋል፤ «አላልኩም?» ትላላችሁ። ፊቱን የወደዳችሁት ሰው ደግሞ ሲያታልላችሁ ሰበብ ትፈልጉለታላችሁ። የሚቆጠረው የገጠመው ብቻ ነው፤ ያልገጠመው ይረሳል።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ይህ ነገር እስከ ሞት ፍርድ ደርሷል። ጆን ፖል ዊልሰን እና ኒኮላስ ሩል እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ በነፍስ ግድያ ሞት የተፈረደባቸውንና ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸውን ሰዎች ፎቶ ምንም ለማያውቁ ሰዎች አሳዩ። ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ፊት «የማይታመን» የመባል አዝማሚያው ከፍ ያለ ነበር። በኋላ ንጹሕ መሆናቸው ተረጋግጦ በተፈቱት ሰዎች ላይም ይኸው ታየ። ምንም ያላጠፋ ሰው፣ በአጥንቱ ቅርጽ።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ሳሙኤልም፣ ነቢይ ሆኖ እንኳ፣ በእሴይ የበኩር ልጅ ቁመናና መልክ ተማርኮ ንጉሡ ይህ ነው ብሎ ነበር። ከበግ ጥበቃ የተጠራው ትንሹ ልጅ ነው የተመረጠው። ይህን ታሪክ እሁድ ሰምታችሁ ሰኞ ትረሱታላችሁ። አትቆጡኝ፣ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።

ለወገል ጤና ሰው እኮ ይህን ማስረዳት ባልከበደኝ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ፣ ገደል ፈልፍሎ ድንጋይ የሚያወጣው ወጣትም ነጋዴውም አንድ ነገር ተምሯል። ድንጋይ በመጀመሪያ ብልጭታው አይገዛም። የእኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲነከር ብዙው እንደ መስተዋት ይጠራና ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዳንዱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጭስ አጥቁረው የተፈጥሮ ጥቁር አስመስለው የሚሸጡም አሉ። ስለዚህ ገዢው ያገላብጣል፣ ወደ ብርሃን ይይዘዋል፣ ይነክረዋል፣ ይጠብቃል። ለአንዲት ጠጠር ይህን ያህል ትዕግሥት ያለን ሰዎች፣ ልጃችንን በመርፌ የሚወጋውን ሰው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ እንመርጣለን።

መርፌ ወጊውን ታውቁታላችሁ። ስም አልጠራም። ሲገባ «እናቴ፣ እንዴት ሰነበቱ» ይላል። ቡና ይጠጣል። ይስቃል። ነጭ ጋዋን አለው፤ ጋዋን በገበያ ይሸጣል። ልጁን ገና ሳያየው «አይዞህ፣ በአንድ መርፌ ትነሳለህ» ይላል። ከዚያ ምን ወጋው ስላችሁ «ጠንካራውን» ትሉኛላችሁ። መድኃኒቱ ስም የለውም፤ «ጠንካራው» ነው ስሙ።

በሌላ በኩል ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደክሟታል፤ ፊቷም አይፈታም ይሆናል። ግን የልጁን ልብስ ገልጣ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ይህ ነው ሕክምና። ከ2 ወር በታች ያለ ጨቅላ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕጻን 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ቁጠሩ። እናንተም መቁጠር ትችላላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ሰዓት አለ። ታዲያ ማንን ልትመርጡ ነው? ቡና የጠጣውን ወይስ የቆጠረችውን?

እንጥል ቆራጮችም እንዲሁ ናቸው። አብዛኞቹ ደግ የሚመስሉ፣ መንደሩ የሚያከብራቸው፣ ሽምግልና የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹም ልጁን እየረዱ የሚመስላቸው ናቸው፤ ክፉ ናቸው አላልኩም። ነገር ግን ደግ ፊት ምላጭን አያመክንም። ከአንዱ ልጅ ጉሮሮ ወደ ሌላው የሄደ ምላጭ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ እና ኤች.አይ.ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። የጉሮሮ ሕመም እንጥል በመቁረጥ አይድንም። «ግን አባባ እኮ የዋህ ናቸው» ስትሉኝ ስለ እጃቸው ጠይቄያችሁ ስለ ፊታቸው እየመለሳችሁልኝ ነው።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልበል፤ ፈገግ እንድትሉም ነው። ወጣት ሴት ነኝ። ክፍሌ ገብተው «ልጄ፣ ዶክተሩ የት ሄዱ?» የሚሉኝ ጥቂት አይደሉም። ምርመራዬን ጨርሼ የነገርኳቸውን፣ ሲወጡ በር ላይ ያሉትን ሸበቶ ጥበቃ «ጋሼ፣ ልክ ናት?» ብለው የሚያረጋግጡ አሉ። ጥበቃችን ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ያለችዎትን ያድርጉ» ይላሉ። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ያዘዝኩትን መድኃኒት ሳይወስዱ የሚቀሩም አሉ፣ ያ አያስቅም።

በዚህ ጉዳይ ለባልደረቦቼም የምለው አለኝ። በሽተኛን ቀና ብሎ ሳያይ፣ ስሙን ሳይጠይቅ የሚጽፍ ሐኪም ሰዎችን ወደ መርፌ ወጊው ቤት እየሸኘ ነው። ሰው በፊት እንደሚፈርድ ካወቅን ፊታችንን መፍታት የሥራችን አካል ነው። ይህን እዚያው ለእነሱ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ልጆቻችንን «ከሚያስፈራ ሰው ራቁ» ብለን ነው የምናሳድገው። ጅብ የመሰለ፣ ጨርቅ የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች እንኳ «ደግ» እና «ክፉ» ብለው ፊት ሲለዩ ከትልልቆች ጋር እንደሚስማሙ አሳይቷል። ስለዚህ ልጃችሁ አስፈሪ ፊትን ለመፍራት የእናንተ ትምህርት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ስለማያስፈራው ፊት ነው። ልጅን የሚያጠቃ ሰው በአብዛኛው ልጁና ቤተሰቡ የሚያውቁት፣ ያመኑት፣ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ከረሜላ የሚያመጣ፣ የቤት ሥራ የሚያግዝ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም።

በወሎ የዚህ ጠባሳ አለን። ጃሪ ላይ አንድ የስዊዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያሳድግበት የሕጻናት መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መንደሩን ይመራ የነበረ ብሪታኒያዊ በሚያሳድጋቸው ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት እስራት ፈረደበት። አስቡት፤ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ የእርዳታ ድርጅት አርማ፣ ሥልጣን፣ ነጭ ቆዳ። እነዚህ ሁሉ ከፊት ቀድመው የሚታዩ ፊቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ስለ ሰውየው ምንም አልተናገረም።

ላሊበላ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ይመለከታችኋል። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከቱሪስት ጋር ይሄዳሉ፤ መንገድ ያሳያሉ፣ ቋንቋ ይማራሉ፣ ደብተርና ጫማ ይገዛላቸዋል። አብዛኛው እንግዳ ቅን ነው፤ እሱን አልክድም። ግን «ፈረንጅ ነው፣ ደግ ነው» ብሎ ልጅን ብቻውን ሆቴል መስደድ ወይም ስሙን እንኳ ከማታውቁት ሰው ጋር በስልክ ሲጻጻፍ ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ለፈረንጅም ለሐበሻም፣ ለአጎትም ለአስተማሪም አንድ ይሁን። በር ከተዘጋበት ቦታ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ብቻውን አይሆንም። ስጦታ ለልጁ ሳይሆን ለወላጅ፣ በወላጅ ፊት ይሰጣል። ደግ ሰው በዚህ አይቀየምም፤ ከተቀየመም ይቀየም።

ልጃችሁን ስለ ፊት ሳይሆን ስለ ሥራ አስተምሩ። «ለእናትሽ አትንገሪ» የሚል ሰው፣ ማንም ይሁን፣ የመጀመሪያ ምልክቱን ሰጥቷል። ልብስ የሚሸፍነውን የሰውነት ክፍል የሚነካ ወይም እንድትነካለት የሚጠይቅ፣ ከሌሎች ለይቶ የሚጠራት፣ ስልኩ ላይ የሚያሳያት፣ «ብትናገሪ እናትሽ ትሞታለች» የሚላት። እነዚህ ሥራዎች ናቸው። ሥራ ይታያል፣ ይነገራል፣ ይመሰከርበታል።

እዚህ ላይ አንድ እናት «እንግዲያው የእናት ልብ ዋጋ የለውም?» ልትለኝ ትችላለች። አለው፤ በጣም አለው። «ልጄ ዛሬ ልክ አይደለም፣ አለቃቀሱ ተለየብኝ» የምትለኝን እናት አንድም ቀን አልገፋሁም። እሷ የምትናገረው ሺህ ቀን ስላየችው ልጅ ነው። ሲጠባ፣ ሲተኛ፣ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ አይታዋለች፤ ዛሬ ከዚያ የተለየውን ነው ያየችው። ይህ እውቀት ነው። ትናንት ገበያ ላይ ስላየችው ሰው የሚነግራት ልብ ግን ሌላ ልብ ነው። ሁለቱም «ልቤ ነገረኝ» ስለሚባሉ አንድ አይደሉም።

ልጅም እንዲሁ። «ያንን ሰው አልወደውም» ስትላችሁ «ምን አርጎሽ? ደግ ሰው እኮ ነው» ብላችሁ አትዝጉባት። ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱ ነው ወይስ ያደረገው ነገር አለ? ፊቱ ከሆነ፣ የታመመ ሰው ወይም በፀሐይ የጠቆረ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ አስተዋውቋት፣ ፍርሃቷ ይለቃታል። ያደረገው ነገር ካለ እመኗት። የማይሆን ነገር ከሆነባት ደግሞ አትጠቡ፣ ልብሷን አትጠቡ፣ ሽማግሌ አትሰብስቡ፣ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም አምጧት። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ፖሊስ ዘንድም የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ የሚይዙ አሉ። «ሰውየው የተከበረ ነው» የሚል ዘመድ ከመጣ፣ ያ የፊት ነገር መሆኑን ንገሩትና መንገዳችሁን ቀጥሉ።

እኔንም በዚሁ መለኪያ ያዙኝ። ስሜን ጠይቁ። ያዘዝኩት መድኃኒት ምን እንደሚባል፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ ልጁ ምን ምልክት ካሳየ መመለስ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ወረቀት ላይ አስጽፉ። እጄን ታጥቤ እንደሆነ እዩ። መልስ ካልሰጠኋችሁ፣ የቱንም ያህል ፈገግ ብል፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ባለፈው አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ ጠየቀችኝ፦ «እንግዳ ሲመጣ ልጄ አልስምም ትላለች። ላስገድዳት?» አታስገድጃት፣ እኅቴ። ሰውነቷ የሷ መሆኑን የምትማረው ከዚህች ትንሽ ነገር ነው። ጎንበስ ብላ በእጇ ሰላም ትበል፤ ያ በቂ አክብሮት ነው። እንግዳው ቅር ካለው ቡና ጨምሪለት።